ጸበሉም ክኒኑም፦ ፍልሰታን ዘጌ ልትገባ ላሰበች እኅት

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ስኳር አለብሽ ከተባልኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ እውጣለሁ። ዘንድሮ ፍልሰታን ዘጌ ገብቼ ሱባዔ ልይዝ አስቤአለሁ። አክስቴ «ጸበል እየጠጡ ክኒን መዋጥ እግዚአብሔርን መጠራጠር ነው፣ ተዪው» ትለኛለች። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ጾም እኮ በሳይንስ የተረጋገጠ መድኃኒት ነው፣ ጃፓናዊው ሰው ኖቤል የተሸለመው በጾም ነው፣ በቀን 16 ሰዓት ከጾምሽ ክኒን አያስፈልግሽም» ይለኛል። እውነቱን ለመናገር ጾሙ ስኳሬን ቢያወርድልኝ ደስ ይለኛል። እንዲህ እያሰቡ መጾም ዋጋ ያሳጣል? ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሱባዔ ለመያዝ በማሰብሽ ደስ ብሎኛል። ከሁሉ በፊት ግን ክኒንሽን በራስሽ ውሳኔ እንዳታቋርጪ። ይህን ያስቀደምኩት የቀረውን ሳትጨርሺ ብትተዪው እንኳ ይህቺ እንድትደርስሽ ነው።

ለምን እንዲህ እንደፈራሁ ልንገርሽ። አባቴ የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ። በዐቢይ ጾም አንድ ረቡዕ ክኒናቸውን ጠዋት ዋጡና ምንም ሳይቀምሱ ቤተ ክርስቲያን ዋሉ። ወደ 9 ሰዓት ገደማ ላብ አጠመቃቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ንግግራቸው አልያያዝ አለ። የተሰበሰበው ሰው «መንፈስ ነው» አለ። ጸበል መርጨት ጀመርን። ያኔ ዲያቆን ነበርኩ፣ እኔም መንፈስ ነው ብዬ አምኛለሁ። ከምእመናን መካከል አንዲት ነርስ መጣችና «ስኳር አለባቸው እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ገና መዋጥ ይችሉ ስለነበር ስኳር በውኃ በጥብጣ ቀስ እያለች አጠጣቻቸው። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው በስሜ ጠሩኝ።

አንቺ የምትወስጂው ግሊቤንክላማይድ ቆሽትን «ኢንሱሊን (የደምን ስኳር የሚያወርደውን) አውጣ» ብሎ የሚገፋ መድኃኒት ነው። በላሽ አልበላሽ አይጠይቅም። ሆድሽ ባዶ ከሆነ ስኳሩ ከልክ በታች ይወርዳል። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲሆን እንዲህ የማውረድ ጠባዩ ትንሽ ነው። ስለዚህ ጥንቃቄው በተለይ ለግሊቤንክላማይዱ ነው። «ታዲያ ስጾም ልተወው» እንዳትዪ። መጠኑንና ሰዓቱን የሚያስተካክል ሐኪም ነው።

ወደ አክስትሽ ልምጣ። ክፉ አስበው አይደለም፣ ስለሚወዱሽ ነው። ግን የንጉሡን የሕዝቅያስን ታሪክ አብራችሁ አንብቡት። ታመመ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አለቀሰ፣ እግዚአብሔርም ሰማውና 15 ዓመት ጨመረለት። ተስፋው ከራሱ ከእግዚአብሔር አፍ ወጥቷል። ከዚያ ኢሳይያስ ምን አዘዘ? የበለስ ጥፍጥፍ አምጥታችሁ ቁስሉ ላይ አድርጉ አለ። ነቢዩ እግዚአብሔርን ተጠራጥሮ ነው? መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ቅደም ተከተሉን ያስቀምጥልናል። ስትታመም ጸልይ፣ ከኃጢአትህ ተመለስ፣ ከዚያ ለሐኪሙ ስፍራ ስጠው፣ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታልና ይላል። ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር።

ይህ የእኔ የግል አስተያየት እንዳይመስላቸው ሌላም ልጨምር። በ1999 ዓ.ም. ብዙ ሰው የኤችአይቪ መድኃኒቱን ትቶ እንጦጦ ጸበል ላይ ሲሰነብት፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱን መውሰድ ኃጢአት እንዳልሆነ፣ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑና እንደማይጣሉ በአደባባይ አስተምረዋል። ደግሞ የእኛን የከተማውን ሆስፒታል ስም ልብ ብለሽዋል? ፈለገ ሕይወት። የሕይወት ወንዝ ማለት እኮ ነው! በደጁ ባለፍኩ ቁጥር ይህ ስም ያስደንቀኛል።

የባልደረባሽ ነገር ትንሽ ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል። ዮሺኖሪ ኦሱሚ የሚባሉ ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ2016 የኖቤል ሽልማት ማግኘታቸው እውነት ነው። ያጠኑት ግን የሚጾም ሰው አልነበረም። እርሾ ነው። የእርሾ ሕዋሳት ምግብ ሲያጡ ያረጀውን የገዛ አካላቸውን ሰብስበው፣ አፍርሰው፣ መልሰው እንደሚጠቀሙበት ደረሱበት። የእግዚአብሔርን ጥበብ የሚያሳይ ድንቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከእርሾ ተነስቶ «የስኳር ሕመምተኛ ክኒን ይጣል» እስከሚለው ድረስ መንገዱ ረጅም ነው። ያንን መንገድ ሳይንቲስቱ አልሄዱትም።

የእኛ ጾም ደግሞ በራሱ ለስኳር የሚሆን አመጋገብ አይደለም። ቅበላው አልፎ ሥጋና ወተቱ ይቀራል እንጂ እንጀራው፣ ዳቦው፣ ፓስታው፣ በስኳር የጣፈጠው ሻይ አለ። እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ አንድ ትሪ እንጀራ በአንዴ ማንሳት ስኳርን ወደ ላይ ይሰድደዋል። (ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን የባሕር ዳር ሰው ጥያቄ ለሌላ ቀን እናቆየው።)

አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ሳይንስ ጾማችንን ሲያመሰግን እናጨበጭባለን፣ ቪዲዮውን እንቀባበላለን። ያው ሳይንስ «ክኒንሽን ዋጪ» ሲል ግን እምነት የለውም እንላለን። እንዲህ ከሆነ ሳይንሱንም እምነቱንም አልሰማንም። የሰማነው የራሳችንን ፍላጎት ነው።

«ስኳሬ እንዲወርድ እያሰብኩ ብጾም ዋጋ አጣለሁ?» ላልሽው፣ መመኘትሽ ኃጢአት አይደለም። ጤናን ከእግዚአብሔር መለመን የልጅ ወግ ነው። ቅዳሴያችንም ለሕሙማን ይለምናል። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ጾምን ሲተረጉም ግን ኃጢአት እንዲሰረይ፣ ሥጋም ለነፍስ እንድትታዘዝ ነው ይላል። የጾሙ ዓላማ እርሱ ነው። ለሥጋ የሚተርፈው ጥቅም ከመጣ ተመስገን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ጣሊያን ውስጥ 23 ጤነኛ ሰዎች በመቁጠሪያ የሚጸለይ ጸሎት ሲደግሙ ትንፋሻቸው ተለክቶ ነበር። በደቂቃ ወደ 6 ጊዜ ረጋ፣ የልባቸውም ምት አብሮ ተስተካከለ። እኛም ረጋ ብለን 41 ጊዜ ኪርያላይሶን ስንል ትንፋሻችን ይሰክናል። ይህን ሳነብ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ኪርያላይሶን የምንለው ለትንፋሽ ብለን አይደለም። «አቤቱ ማረን» እያልን ነው። የምንለምነው ሰሚ አለ። ትንፋሹን ብቻ ከፈለግሽ ቁጥር መቁጠርም ይበቃሽ ነበር።

እንግዲህ ዘጌ ስትሄጂ። ነሐሴ 1 ከመድረሱ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብለሽ ሐኪምሽ ዘንድ ግቢ። «እስከዚህ ሰዓት እጾማለሁ፣ እሰግዳለሁ፣ የምበላው ጥሬና ቆሎ ነው» ብለሽ ሳትደብቂ ንገሪ። የሐኪሙን ቃል ይዘሽ ወደ ነፍስ አባትሽ ሂጂ። ሰዓቱን ሊያሳጥሩልሽ ይችላሉ። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን እንደ ጤነኛ አታስገድድም። «በጠዋት ቅመሺ» ካሉሽም እፍረት እንዳይሰማሽ፣ መታዘዝሽ ራሱ ጾም ነው። ሐኪሙ ጭራሽ አይሆንም ካለሽ ደግሞ ሱባዔውን በጸሎትና በምጽዋት ያዢው።

ስግደትም እንደ ማንኛውም የጉልበት ሥራ ስኳርን ያወርዳል። ባዶ ሆድ ላይ አታብዢው።

እግርሽን አደራ። ስኳር ሲቆይ የእግርን ስሜት ያደነዝዛል። እሾህ ቢወጋሽ ላይታወቅሽ ይችላል። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስትደርሺ ጫማሽን አውልቀሽ ትገቢያለሽ፣ ሥርዓት ነው። በጫካው መንገድ ግን በባዶ እግር አትሂጂ። ማታ ማታ እግርሽን ታጥበሽ በጣቶችሽ መካከል ሳይቀር እያገላበጥሽ እዪ።

አብራሽ ለምታድረው እኅት ስኳር እንዳለብሽ ንገሪያት። ላብ ካጠመቀሽ፣ ልብሽ ከመታ፣ እጅሽ ከተንቀጠቀጠ፣ ወይ ነገር ከተምታታብሽ ወዲያው ጣፋጭ ትስጥሽ። ጾሜ ተሻረ ብለሽ እንዳትከለክያት። ራስሽን ከሳትሽ ግን በአፍሽ ምንም ሳታደርግ ቶሎ ወደ ሐኪም ታድርስሽ። ስኳሩን በነጠላሽ ጫፍ ቋጥረሽ ያዢ። ቅዳሴ ስትገቢም አትፍቺው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።