የቤት ብድር (ሞርጌጅ) ፊክስሽ ሊያልቅ 5 ወር ለቀረሽ እህት፦ ሬት (ወለዱ) እስኪወርድ አትጠብቂ

እህቴ ጥያቄሽን አየሁት፣ «ባንክ ኦፍ ኢንግላንድ ሬት እስኪቀንስ ልጠብቅ ወይስ አሁን ፊክስ ላርገው» ነው ያልሽው። ፊክስ ማለት ወለዱ ለተወሰነ ዓመት ሳይቀየር የሚቆይበት ውል ነው፣ ባንክ ኦፍ ኢንግላንድ ደግሞ የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ። እኔን ያቃጠለኝ ነገር ስለሆነ ረዘም ላርገው።

1. የባንኩን ሬት ብቻ እያየሽ አትቀመጪ። እዛ 9 ሰዎች በዓመት 8 ጊዜ ተሰብስበው የሚወስኑት በቀጥታ የሚነካው ትራከር (ከባንኩ ሬት ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ ብድር) ያለውን ሰው ነው። ፊክስ ግን ገበያው «ወደፊት ሬቱ እዚህ ይደርሳል» ብሎ በገመተው ነው የሚተመነው፣ ጊልት የሚሉት የመንግሥት ቦንድ ወለድ ሲወጣ አብሮ ይወጣል። ይሄን ማንም አልነገረኝም፣ በኪሴ ነው የተማርኩት።

2. ያገኘሽውን ያዢ። ኦገስት 2022 ብሮከሬ (ብድር ፈላጊው ደላላ) 3.7 ፐርሰንት አገኘልኝ፣ 1.8 ለለመደ ሰው ዘረፋ ነው የመሰለኝ። ባለቤቴ «ተው ፈርም» ትለኛለች፣ እኔ ኢኮኖሚስት ነኝ ባይ ሆኜ ሊዝ ትረስ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆና ስትገባ ነገሩ ይረጋጋል እያልኩ። ሴፕቴምበር 23 አርብ ቀን የገንዘብ ሚኒስትሯ ክዋሲ ክዋርቴንግ ወደ 45 ቢሊዮን ፓውንድ የታክስ ቅነሳ አነበበ፣ ብሩ ከየት እንደሚመጣ የለም፣ የኦ.ቢ.አር ግምት የለም። ኦ.ቢ.አር ማለት ከ2010 ጀምሮ የመንግሥትን ሒሳብ በገለልተኝነት የሚያይ መሥሪያ ቤት ነው፣ ልሥራላችሁ ቢል አልፈለጉትም። የትሬዠሪውን (የገንዘብ ሚኒስቴሩን) ትልቅ ባለሙያ ቶም ስኮላርንም ከሁለት ሳምንት በፊት አሰናብተውታል። ሃይ ባይ የሚሆነውን ሁሉ አስወጥተው ነው እንግዲህ የገቡበት። ሰኞ ፓውንድ 1.03 ዶላር አካባቢ ወረደ፣ ረቡዕ የጡረታ ፈንዶች ሊናዱ ሲሉ ባንክ ኦፍ ኢንግላንድ ራሱ ቦንድ መግዛት ጀመረ።

እኔ በመሃል ማክሰኞ ባንኬ ጋ ደወልኩ። 52 ደቂቃ ሙዚቃ ካሰሙኝ በኋላ ያነሳችው ልጅ «ያ ዲል ተነስቷል» አለችኝ፣ አዲሱ ስንት ነው ስላት «ዌብሳይት ላይ እየው» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳላዛንፍ የከፈልኩ ሰው! እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

በመጨረሻ 5.9 ፈረምኩ። በወር 755 የነበረው 1,213 ሆነ፣ በ3.7 ብይዘው 953 ገደማ ነበር፣ ለሁለት ዓመት ስታባዢው ከ6 ሺህ ፓውንድ በላይ። ክዋርቴንግ በኦክቶበር 14 ተባረረ፣ ትረስም በ49 ቀኗ ሄደች፣ በክዋርቴንግ ቦታ የገባው ጄረሚ ሀንት የታክስ ቅነሳውን አብዛኛውን ሻረው፣ የኔ 5.9 ግን የትም አልሄደም።

3. ብዙ ባንኮች እስከ 6 ወር ቀድመሽ ያስይዙሻል፣ ከመጀመሩ በፊት ከወረደ ደግሞ ወደ ዝቅተኛው ያዞሩልሻል፣ ያንቺ ባንክ ይህን እንደሚያደርግ ጠይቂና በጽሑፍ አስልኪ። እኔ 2024 ላይ ሲታደስ ጁን ያዝኩ፣ ሁለቴ ወደ ታች አስቀየርኩ፣ ብሮከር እንኳን አልያዝኩም። ኦክቶበር 30 የዛን ጊዜዋ የገንዘብ ሚኒስትር ሬቸል ሪቭስ በጀት ስታቀርብ ጊልት መልሶ ወጣ፣ ኖቬምበር 7 ባንኩ ሬቱን ከ5 ወደ 4.75 ቀነሰ፣ ፊክስ ግን በዛው ሰሞን ጨመረ!! እንዳንቺ «ይቀንስና» ሲል የነበረ ጓደኛዬ ቡና ላይ አግኝቶኝ «ቀነሱ አይደል እንዴ፣ የኔ ለምን ወጣ?» ይለኛል። ቁጥር 1ን አነበብኩለት።

አሁን የሚቀጥለው በጀት መቼ እንደሆነ እዪና ከዛ በፊት ልክ ስልክ ሲከፍቱ ደውዪ። የምታነሳውን ልጅ ስምም ጻፊው።