«ጥያቄ የለኝም» ብዬ ፈርሜያለሁ፤ ባንኩ የቆረጠብኝን ገንዘብ ማስመለስ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ዳቦ ቤት አለኝ። ቤቴን አስይዤ የወሰድኩትን ብድር ጊዜው ሳይደርስ ኅዳር 2017 ዓ.ም. ላይ ከፍዬ ጨረስኩ። ባንኩ «ያለጊዜው ለመክፈል» ብሎ 38,000 ብር፣ ለእሳት ኢንሹራንስ ብሎ ደግሞ 11,200 ብር ከሂሳቤ ቆረጠ። ኢንሹራንሱን ግን ራሴ ገብቼ ነበር። ስጠይቅ «የባንኩ አሠራር ነው» አሉኝ። ካርታዬንና የእገዳ ማንሻ ደብዳቤውን የሰጡኝም «በባንኩ ላይ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ካስፈረሙኝ በኋላ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የብድር ውልዎ ስለ ቅጣቱ የማይናገር ከሆነ 38,000 ብሩን ለመጠየቅ ጥሩ የሕግ መሠረት አለዎት። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የፈረሙት ወረቀትና የቀረዎት ጊዜ ነው።

ውሉን ከነአባሪዎቹ አውጥተው ያንብቡ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1731 መሠረት ውል ባቋቋሙት ሰዎች ላይ ሕግ ነው፤ ባንኩም ከዚህ አያመልጥም። ያለጊዜው መክፈል እንደሚያስቀጣ በውሉ ተጽፎ ከሆነ ክርክሩ ይከብድብዎታል። ካልተጻፈ ባንኩ የአገልግሎት ዋጋ ተመኑን ያቀርባል። ቁጥር 1686 ግን አንዱ ወገን ለብቻው ያዘጋጃቸው የሥራ ደንቦች ሌላው ወገን ዐውቆ ካልተቀበላቸው፣ ወይም የመንግሥት አካል ያዘዛቸው ወይም ያጸደቃቸው ካልሆኑ በስተቀር እንደማያስገድዱት ይደነግጋል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ያወጣው የፋይናንስ ሸማቾች ጥበቃ መመሪያ ቁጥር ኤፍሲፒ/01/2020ም ደንበኛው ከመዋዋሉ በፊት ክፍያዎች በግልጽ እንዲነገሩት ይጠይቃል። አሠራር የባንኩን ሠራተኛ ያስገድድ ይሆናል፤ ለብቻው ግን የደንበኛን ገንዘብ ለመቁረጥ ሥልጣን አይሰጥም።

ባንኩ «ያለጊዜው ለመቀበል ግዴታ አልነበረብኝም፤ የቆረጥኩት የፈቃዴን ዋጋ ነው» ብሎ ሊከራከር ይችላል። እንዲህ ያለ ስምምነት ከነበረ የተፈረመበትን ሰነድ ያቅርብ። ቁጥር 2164 መክፈል የማይገባውን የከፈለ ሰው እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ቁጥር 2165 ይህን መብት የሚነፍገው ዕዳ እንደሌለበት እያወቀ በፈቃዱ ለከፈለ ሰው ነው፤ እርስዎ ግን አልከፈሉም፣ ተቆረጠብዎት።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ዕዳዋን ከፍላ የጨረሰች ሴት የገዛ ቤቷን ካርታ ለመቀበል መብቷን እንድትተው መጠየቋ ያሳዝነኛል። በቁጥር 1709 መሠረት «በመብቴ እጠቀማለሁ» ብሎ ማስፈራራት ውልን የሚያፈርሰው ከመጠን ያለፈ ጥቅም ለማግኘት የተደረገ ሲሆን ነው። የእርስዎ ጉዳይ ደግሞ ከዚህም የጠነከረ ይመስለኛል፤ ዕዳው ካለቀ በኋላ ባንኩ ካርታውን ይዞ የማቆየት መብት አልነበረውምና። ነገር ግን በቁጥር 1810 መሠረት እንዲህ ያለው ውል እንዲፈርስ የሚጠየቀው ምክንያቱ ከቀረ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ካርታው እጅዎ የገባው ኅዳር 2017 ከሆነ ጊዜው ኅዳር 2019 ላይ ያበቃል። ብዙ ሰው በቁጥር 1845 የተቀመጠውን የአሥር ዓመት ይርጋ (ክስ የማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) ተማምኖ ይቀመጣል፤ ወረቀቱ ሳይፈርስ ከቀረ ግን አሥሩ ዓመት ብዙም አይጠቅምዎትም።

ኢንሹራንሱ የሚወሰነው በማስረጃ ነው። ብዙ የብድር ውሎች ተበዳሪው ፖሊሲውን (የኢንሹራንስ ውሉን) በጊዜ ካላቀረበ ባንኩ በተበዳሪው ወጪ ኢንሹራንስ እንዲገባ ይፈቅዳሉ። የራስዎን ፖሊሲ ባንኩ ከመግዛቱ በፊት ለቅርንጫፉ ማስረከብዎን የሚያሳይ፣ ቀንና ማኅተም ያረፈበት ኮፒ አለዎት? ካለ 11,200 ብሩንም ይጠይቁ። ከሌለ ባንኩ ፖሊሲ በእርግጥ ገዝቶ እንደሆነ ደረሰኙን እንዲያሳይዎት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ካልገዛ ገንዘቡን ይዞ የሚቀርበት ምክንያት የለውም።

አሁን ብድሩ ከተከፈተበት እስከተዘጋበት ቀን ያለውን የሂሳብ መግለጫ ያውጡና ለቅርንጫፉና ለዋናው መሥሪያ ቤት የቅሬታ ክፍል ደብዳቤ ያስገቡ። የተቆረጠብዎትን እያንዳንዱን ገንዘብ በቀንና በመጠን ይዘርዝሩ፣ በየትኛው የውል አንቀጽ እንደተቆረጠ ይጠይቁ፣ ገንዘቡ የሚመለስበትን ቀን ቆርጠው ማስጠንቀቂያ ይስጡ። በቃል የሚደረግ ቅሬታ ዱካ የለውም። በቁጥር 1803 እና 1751 መሠረት በዓመት 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ የሚታሰበው ከማስጠንቀቂያው ጀምሮ ስለሆነ፣ በ38,000 ብር ላይ ብቻ በዓመት 3,420 ብር ይሆናል። መልስ ካላገኙ ለብሔራዊ ባንክ አቤት ይበሉ፤ ይህን ሲያደርጉ ግን የሁለት ዓመቱ ጊዜ ይቆምልኛል ብለው አይጠብቁ።

መስከረም 2019 ላይ መፍትሔ ካላገኙ ክሱን ያስገቡ፤ የገንዘቡ መጠን ለፌደራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። በዳኝነት ጥያቄዎ ውስጥ የፈረሙት ወረቀት እንዲፈርስ የሚለውን ከገንዘቡ ያስቀድሙ፤ የከፈሉትን የዳኝነት ክፍያና ወጪም ባንኩ እንዲተካ ይጠይቁ።