መልስ፦ የፊቱን ማርሽ ከ36 ወደ 32 ጥርስ ላውርደው?

ሰላም ወንድሜ። ዳገት ላይ የኤሌክትሪክ ማውንቴን ብስክሌትህ ስለሚከብድህ ባለ 36 ጥርሱን የፊት ማርሽ በ32 ልቀይር ወይ ብለሃል። እኔ ቀይረው ባይ ነኝ።

የኋላው ትልቁ ማርሽህ 51 ጥርስ ነው ብለሃል። በ36 ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው 0.71 ጊዜ ይዞራል፤ በ32 ግን 0.63። እግርህ ላይ 11 በመቶ ያህል ይቀልልሃል። ትልቁ ጥቅም ግን ለሞተሩ ነው። መሀል ላይ የሚገጠም ሞተር ደህና የሚሠራው ፔዳሉ በደቂቃ ከ70 እስከ 90 ጊዜ ሲዞር ነው። ወደ 50 ከወረድክ ሞተሩ ይግላል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል።

ፍጥነት ይቀንስብኛል ብለህ አትስጋ። አውሮፓ ውስጥ ስለሆንክ ሞተሩ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ማገዙን ያቆማል። በ32 ደግሞ፣ ኋላ 10 ጥርስ ላይ ሆነህ፣ በ29 ኢንች ጎማ በደቂቃ 80 ብታዞር 35 ትደርሳለህ። አስፋልት ብቻ የምትነዳ ቢሆን ኖሮ 36ቱን አትንካው እልህ ነበር።

ከመግዛትህ በፊት የሞተርህን ሞዴል እይ፤ አገጣጠሙ ይለያያል። ካቴናውም ይረዝምብሃልና አስለካው። ያረጀ ከሆነ አብረህ ቀይረው፣ አዲሱን ጥርስ ይበላብሃል።