ጥያቄና መልስ፦ ያላዳነው መድኃኒት ለምን ተደገመ?

ጥያቄ፦ የአምስት ዓመት ልጄ ጆሮው መግል ይዞ አሞክሳሲሊን ሽሮፕ ታዘዘለት። በሰዓቱ እየሰጠሁት ቢጨርስም ትኩሳቱ አልለቀቀውም። ተመልሼ ስሄድ ሐኪሙ ኦግመንቲን ጻፈለት። ካርቶኑን ሳነበው ያው አሞክሳሲሊን አለበት። ያላዳነውን ለምን ይደግሙለታል?
እናት፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ እህቴ፣ ካርቶኑን አንብበው መጠየቅዎ እኔን እንደ ፋርማሲስት በጣም ያስደስተኛል። ከአሞክሳሲሊን ቀጥሎ የተጻፈውንም ይመልከቱ፤ «ክላቩላኒክ አሲድ» ይላል። ልዩነቱ እሱ ነው።

ባክቴሪያ ሲያድግና ሲባዛ ዙሪያውን የከበበውን ግድግዳ ያለማቋረጥ ይሠራል። አሞክሳሲሊን ይህን ሥራ ያስቆምበታል፤ ግድግዳው ይሳሳና ባክቴሪያው ይፈነዳል። የእኛ ሕዋስ እንዲህ ያለ ግድግዳ የለውም። መድኃኒቱን የተላመዱ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ግን ቤታ ላክታሜዝ የተባለ ኢንዛይም እያመረቱ አሞክሳሲሊንን ሰብረው ከጥቅም ውጭ ያደርጉታል። አሞክሳሲሊን የፔኒሲሊን ቤተሰብ ነው፤ ፔኒሲሊንን የሚሰብር ኢንዛይም መኖሩ የታወቀው በ1940 እ.ኤ.አ.፣ ፔኒሲሊን ገና በሰፊው ሳይሰጥ ነው። ክላቩላኒክ አሲድ ብቻውን ባክቴሪያ የመግደል ኃይሉ ደካማ ነው፤ ኢንዛይሙን ግን ጭምድድ አድርጎ ይይዝና አይለቀውም። ያን ጊዜ አሞክሳሲሊኑ ሳይሰበር ይደርሳል።

ሁሉም ባክቴሪያ ግን በኢንዛይም አይከላከልም። የጆሮ ሕመም ከሚያመጡት አንዱ፣ ኒሞኮከስ፣ መድኃኒቱ የሚያርፍበትን ቦታ ራሱን ይለውጣል፤ ለእሱ ክላቩላኒክ አሲድ አይረዳም። ምርጫው የሐኪም የሆነው ለዚህ ነው፤ ከጎረቤት የተረፈ ሽሮፕ አይስጡት።

አሁን አደራ የምለው ስለ ድሬ ሙቀት ነው። ዱቄቱ በውኃ ከተበጠበጠ በኋላ ቶሎ የሚበላሸው ክላቩላኒክ አሲዱ ነው። ጠርሙሱ መስኮት ላይ ወይም ቴሌቪዥን አጠገብ ከዋለ፣ ለልጁ የሚሰጡት ያንኑ ያላዳነውን አሞክሳሲሊን ይሆናል። ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡት፤ በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን አይሁን። ፍሪጅ ከሌለዎት የጎረቤት ይለምኑ፤ ለመድኃኒት የሚከለክል የድሬ ሰው አላውቅም። የተበጠበጠበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ ይጻፉ፤ ከ7 ቀን በኋላ የተረፈው አይሰጥም። ሁልጊዜ ነቅንቀው፣ ልጁ ምግብ ሲጀምር ይስጡት፤ ሆዱንም ያን ያህል አይረብሸውም። ትንሽ ተቅማጥ የተለመደ ነው።

ሰውነቱ ሽፍ ካለ ወይም ፊቱ ካበጠ ግን መድኃኒቱን አቁመው ወዲያው ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ትኩሳቱ በ2 ወይም በ3 ቀን ካልበረደ ይመለሱ። ከጆሮው ኋላ ካበጠና ጆሮው ወደፊት ከተገፋ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይውሰዱት።