«ቀዳሜ ሰማዕት» ወይስ «ቀዳሚ ሰማዕት»?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የጽዋ ማኅበራችን በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም ነው። ለጥቅምት 17 የጥሪ ወረቀት ስናዘጋጅ ክርክር ተነሣ። እኔ «ቀዳሜ ሰማዕት እስጢፋኖስ» ብዬ ጻፍኩ። አንዲት እኅታችን «ተሳስተሃል፣ ቀዳሚ ነው የሚባለው» አለችኝ። ሌላው ወንድማችን ደግሞ «ቀዳማዊ» ይሻላል ባይ ነው። በዚያ ላይ እስጢፋኖስ አንድ ሰው ነው፤ «ሰማዕት» ግን ብዙ ቁጥር ነው ሲባል ሰምቻለሁ። የቱን እናሳትም?

መልስ፦ እርስዎ እንደጻፉት አሳትሙት። ትክክሉ «ቀዳሜ ሰማዕት» ነው።

«ቀዳሚ» ብቻውን ሲቆም ምንም ችግር የለበትም። እዚህ ላይ ግን ከኋላው ካለው ቃል ጋር ተናብቧል፤ ማለትም «የእገሌ እገሌ» በሚል ዝምድና ተያይዟል። ግእዝ ሁለት ስሞችን ሲያናብብ የፊተኛውን ቃል የመጨረሻ ፊደል ይለውጣል። ሳድስ (6ኛው ድምፅ፣ እንደ «ቅ») ከሆነ ወደ ግእዝ (1ኛው ድምፅ፣ እንደ «ቀ») ይመልሰዋል። «ሊቅ» የነበረው «ሊቀ ዲያቆናት» የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ይህም የእስጢፋኖስ ሌላው መጠሪያ ነው። ሣልስ (3ኛው፣ እንደ «ፊ») ከሆነ ደግሞ ወደ ኃምስ (5ኛው፣ እንደ «ፌ») ይሄዳል። «ጸሐፊ» ተናብቦ «ጸሐፌ ተውኔት» ይሆናል። «መጋቢ» ተናብቦ «መጋቤ ሐዲስ» ይሆናል። አንድ ሰው «ጸሐፊ ተውኔት» ቢል ጆሯችንን ይቆረቁረናል፤ ሰዋስው ያልተማረውም ሰው ይሰማዋል። «ቀዳሚ»ም በዚያው መንገድ ሄዶ «ቀዳሜ ሰማዕት» ሆነ። ሲፈታ «የሰማዕታት ቀዳሚ» ማለት ነው።

«ቀዳማዊ»ን እኔ አልመርጥም። ቃሉ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በአማርኛ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ» እንደምንለው ስሙን የሚጋራ ሌላ ሲኖር ወይም ሲጠበቅ የሚገባ ነው። «ቀዳማዊ» ሲባል ጆሮ «ዳግማዊ»ን ይፈልጋል።

ወደ «ሰማዕት» ልምጣ። የሰሙት ነገር እውነት ነው። ቃሉ በግእዝ በብዙ ቁጥር ያገለግላል፤ «ምስክሮች» ማለት ነው። ስለዚህ በ«ቀዳሜ ሰማዕት» ውስጥ ብዙ የሆኑት ሰማዕቱ ናቸው፤ እስጢፋኖስ የእነሱ ፊተኛ ነው። ቁጥሩ አልተጋጨም። ኋላ ላይ ቃሉ ለአንድ ሰውም ሲያገለግል «ሰማዕታት» የሚል ብዙ ቁጥር ወጣለት። የካቲት 12ን «የሰማዕታት ቀን» ስንል የምንጠቀመው እሱን ነው። ስለዚህ ዛሬ በአማርኛ አንዱን «ሰማዕት»፣ ብዙዎቹን «ሰማዕታት» ማለት ትክክል ነው። «ሰማዕታቶች» ግን ይቅር። እንደ «ቅዱሳኖች» ሁሉ በብዙ ቁጥር ላይ ሌላ ብዙ ቁጥር መደረብ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚመስጠኝ የቃሉ ሥር ነው። «ሰምዐ» ማለት «ሰማ» ነው። «ሰማዕት» እና ዕለት በዕለት የምንለው «ሰማሁ» የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። የሰማ ሰው የሰማውን ይናገራል፤ ስለዚህ ምስክር ነው። የሞት ትርጉም የመጣው በኋላ ነው፤ ስለ ምስክርነታቸው የሞቱ ሰዎች ስለበዙ። በግሪክኛም እንዲሁ ሆኗል። እዚያም «ሰማዕት» የሚባልበት ቃል መጀመሪያ ተራ የፍርድ ቤት ምስክር ማለት ነበር።

አሁን የእስጢፋኖስን ታሪክ በዚህ ጆሮ ያንብቡት። በኢየሩሳሌም የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በዕለቱ ምግብ እየተዘለሉ ነው ተብሎ ቅሬታ ተነሣ። ለዚህ አገልግሎት 7 ሰዎች ተመረጡ፤ የመጀመሪያው እስጢፋኖስ ነበር። ከዚያ ተከሰሰ፣ ሸንጎ ፊት ቆመ፣ ከአብርሃም ጀምሮ ረጅም ንግግር ተናገረ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 7 መጨረሻ ላይ ሰዎቹ ጮኹ፤ ጆሯቸውንም ደፈኑ። «ሰማዕት» የሚለው መጠሪያው ከ«ሰማ» የወጣውን ሰው የወገሩት ጆሯቸውን የደፈኑ ሰዎች ናቸው። ግሪክኛው ላይ ደግሞ ልብሳቸውን በሳውል እግር አጠገብ ያስቀመጡት ከሳሾች «ምስክሮች» ተብለዋል። በምዕራፍ 22 ያው ሳውል፣ አሁን ጳውሎስ ሆኖ፣ ያንን ቀን ሲያስታውስ ያንኑ ቃል ለእስጢፋኖስ ይሰጠዋል፤ የጌታ ምስክር ይለዋል። አንዱን ቃል ወጋሪዎቹም ተወጋሪውም ተጠርተውበታል። ይህን ቦታ ለተማሪዎቼ ባነበብኩ ቁጥር ድምፄ ይለወጣል።

«እስጢፋኖስ» የሚለው ስሙም ያምራል። በግሪክኛ «አክሊል» ማለት ነው። መነሻው ላይ ያለችው «እ» ግን የኛ ናት። ሁለት ተነባቢዎች ቃል መነሻ ላይ ሲገጥሙን «እ» እናስቀድማለን፤ ዛሬም «ስፖርት»ን «እስፖርት» የሚል ብዙ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለጥሪ ወረቀቱ ይጠቅማል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ለእስጢፋኖስ የተለያዩ በዓላት አሉት። ጥቅምት 17 ለዲቁና የተሾመበት፣ ጥር 1 በድንጋይ ተወግሮ ያረፈበት፣ መስከረም 15 ሥጋው የፈለሰበት ነው። የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት ግን በእነሱ ገና ማግስት፣ ዲሴምበር 26 ያስቡታል። እናንተ የምትጠሩት ለጥቅምት 17 ስለሆነ ወረቀቱ ላይ «በዓለ ሢመቱ» በሉ። «በዓለ ዕረፍቱ» የሚለውን ለጥር አቆዩት። «ሢመት»ንም በንጉሡ «ሠ» ጻፉት፤ «ሾመ» ከሚለው ጋር አንድ ቤት ነው።