«ይህም ጥጃ ወጣ»

ይድረስ ዘንድሮ ተመርቃችሁ ሥራ ለምትጀምሩ ልጆቼ፤

በእኛ ቤት ብርጭቆ የሚሰብር ሰው የለም። ብርጭቆው ራሱ «ተሰበረ» ነው የሚባለው። ቁልፉም «ጠፋ»፣ ወጡም «አረረ»፣ ሰዓቱም «ረፈደብኝ»። «ረሳሁት» ማለት ሲተናነቀን እንኳ «ተረሳኝ» ብለን እንገላገላለን። እኔ 34 ዓመት ኦዲተር ሆኜ ስሠራ በየመሥሪያ ቤቱ የሰማሁት ይኸንኑ ነው፤ ገንዘቡ «ጎደለ»፣ ሰነዱ «ሳይወራረድ ቀረ»፣ ዕቃው «ከመጋዘን ወጣ»። ማን አጎደለው? ማን አወጣው? ብዬ ስጠይቅ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ አንዱ ተነሥቶ ሻይ ያዛል።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በልጅነቴ ሰንበት ትምህርት ቤት በጨረፍታ ያለፍኩትን ኦሪት ቀስ ብዬ እያነበብኩ ነው። ጳውሎስ በአንደኛ ቆሮንቶስ 10 ላይ እስራኤል ዘሥጋ በምድረ በዳ የደረሰባቸውን አንድ በአንድ ይዘረዝርና፣ ይህ ሁሉ እኛን ሊገሥጸን ተጻፈ ይላል። ከዘረዘራቸው አንዱ የወርቁ ጥጃ ነው። እኔም እዚያ ላይ ነው የተያዝኩት፤ ሰባኪ ስላልሆንኩ ግን እንደ ሒሳብ ሰው ነው ያነበብኩት፤ በዚህ ታገሡኝ።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ሙሴ ተራራው ላይ 40 ቀን ቆየ። ሕዝቡ ታከተውና አሮንን ከበበው፤ አሮንም የሚስቶቻችሁን፣ የልጆቻችሁን የወርቅ ጉትቻ አምጡልኝ አለ። ዘጸአት 32 ቁጥር 4 ላይ ጸሐፊው የሆነውን ሲነግረን፣ አሮን ወርቁን ከእጃቸው ተቀበለ፣ በመቅረጫ ቀረጸው፣ ጥጃም አደረገው ይላል። ሦስቱም ግሦች ባለቤት አላቸው። አሁን ሃያ ቁጥር ወረድ በሉና ቁጥር 24ን አንብቡ። ሙሴ ከተራራው ወርዶ ወንድሙን «ይህ ሕዝብ ምን አደረገህ?» ብሎ ሲጠይቀው አሮን ይመልሳል፤ «ሰጡኝም፤ በእሳትም ላይ ጣልሁት፥ ይህም ጥጃ ወጣ።»

ወጣ! ጉትቻ ገባ፣ ጥጃ ወጣ። መቅረጫው የት እንደ ደረሰ አትጠይቁ።

መጀመሪያ ሳነበው ብቻዬን ሳቅሁ። ይህን መልስ እኮ አውቀዋለሁ፤ ስንት ቃለ ጉባኤ ላይ በእጄ ጽፌዋለሁ! ደግሞም አሮን ተራ ቀጣፊ አይደለም፤ መዝሙረኛው «የእግዚአብሔር ቅዱስ» ብሎ የጠራው ሰው ነው። መልሱንም ከመጀመሪያው ብታዩት አብዛኛው እውነት ነው። ሕዝቡ ወደ ክፋት ማዘንበሉን አንተ ታውቃለህ አለ፤ እውነት ነው። አማልክት ሥራልን አሉኝ አለ፤ እውነት ነው። ወርቅ ያለው ያምጣ አልኳቸው፣ ሰጡኝ፤ እሱም እውነት ነው። ውሸቱ ያለው የመጨረሻዋ ግሥ ውስጥ ብቻ ነው። ልጆቼ፣ በሥራ ዓለም የምትሰሙት፣ እናንተም ራሳችሁ ልትናገሩት የምትፈተኑበት ውሸት አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው። ዐይን ያወጣ ቅጥፈት ብዙ ጊዜ አላጋጠመኝም። አራት እውነት ተደርድሮ አምስተኛው ላይ ሰውዬው ከዓረፍተ ነገሩ ሹልክ ብሎ ሲወጣ ነው ያየሁት።

እዚህ ላይ ብቆም ሌሎች የታዘቡትን መድገም ይሆንብኛል። እኔን ያስደነቀኝ ከስድስት ምዕራፍ በኋላ የሚመጣው ነው፤ ሰው ሁሉ የሚዘለው ዘጸአት 38። የእግዚአብሔር ማደሪያ የሆነው የድንኳኑ ሥራ ካለቀ በኋላ የወርቁ፣ የብሩና የናሱ ሒሳብ ይቀርባል። ሒሳቡ በማን እጅ እንደ ተቆጠረ ቁጥር 21 ስሙን ጠርቶ ይናገራል፤ በካህኑ በአሮን ልጅ፣ በኢታምር።

አባቱ «ጥጃ ወጣ» ያለው ኢታምር! ለዚህኛው ሥራም ሕዝቡ ካዋጣው ውስጥ የጆሮ ጉትቻ እንዳለበት ምዕራፍ 35 ይነግረናል። ያኛው ጉትቻ ጥጃ ሆኖ፣ ተፈጭቶ፣ ውኃ ላይ ተበትኖ ሕዝቡ ጠጣው፤ በእኛ አነጋገር ከመዝገብ ተሠረዘ። ይሄኛው ግን 29 መክሊት ከ730 ሰቅል ወርቅ ተብሎ ተመዘገበ፤ መክሊትና ሰቅል የዚያ ዘመን የሚዛን መለኪያ ናቸው። ኢታምር የአባቱን መልስ የዚያን ቀን በጆሮው ሳይሰማ የቀረ አይመስለኝም፤ ይህ የእኔ ግምት ነው።

ብሩን እስቲ ስልካችሁን አውጡና አስሉት። ዕድሜው 20 እና ከዚያ በላይ የሆነ ወንድ ሁሉ ግማሽ ግማሽ ሰቅል ከፈለ፤ ባለጠጋ እንዳይጨምር፣ ድኻም እንዳያጎድል ምዕራፍ 30 አስቀድሞ ወስኗል። የተቆጠሩት 603,550 ናቸው። ለሁለት ስታካፍሉት 301,775 ሰቅል ይመጣል። አንድ መክሊት 3,000 ሰቅል ስለሆነ፣ 100 መክሊት ሆኖ 1,775 ሰቅል ይተርፋል። መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነው፤ 100 መክሊት ከ1,775 ሰቅል። አንዲት ሰቅል አላነሰችም፣ አልበዛችም። 100ው መክሊት ለ100 የመቅደሱና የመጋረጃው እግሮች ሄደ፤ ለአንድ እግር አንድ መክሊት። የተረፈችው 1,775ስ? ለምሰሶዎቹ ኩላቦች፣ ለጉልላቶቻቸው መለበጫና ለዘንጎች ዋለች። እኔ በሥራ ዘመኔ ይህቺን የምታህል ትርፍራፊ «ልዩ ልዩ ወጪ» በምትባል መስመር ሥር ተቀብራ ያየሁበትን ጊዜ ብቆጥር አይበቃኝም። ኢታምር የመጋረጃ ማንጠልጠያ ድረስ ወርዶ ጻፈ።

በኋላም ዘኍልቁ 4 ላይ ከሌዋውያን ወገን የሆኑት የሜራሪ ልጆች የድንኳኑን ሳንቃ፣ ምሰሶውን፣ ካስማውንና አውታሩን ሲሸከሙ ተቆጣጣሪያቸው እሱ ራሱ ነው፤ የሚሸከሙትም ዕቃ በየስሙ እንዲቆጠር ታዘዘ። ለገመድና ለካስማ! መጋዘን ውስጥ የሠራችሁ ብትኖሩ ይገባችኋል፤ ሞዴል 22 የሚባለው የዕቃ ወጪ ሰነድ ሳይፈረም ዕቃ አይወጣም እንደ ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ ይህን ሁሉ የማወራው ከኢታምር ወገን ሆኜ እንዳይመስላችሁ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ለሰኔ 30 ቆጠራ ክፍለ ሀገር ተላክሁ። መጋዘኑ ቆርቆሮው ያፈሳል፣ መብራት የለውም፣ ውጭ ዝናብ ይወርዳል። የጭነት መኪና ጎማዎች ከኋላ እስከ ጣሪያው ተደራርበዋል። የዕቃው ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ቢን ካርድ 46 ይላል። አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ደግሞም አይጥ እፈራለሁ፤ 46 ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ በዕድሜ አባቴን የሚያህሉ ሰው ነበሩ፤ መጋዘኑን ከተረከቡ ሦስት ወራቸው ነው። እኔን አምነው ፈረሙ።

በዓመቱ ሌላ ኦዲተር ሄዶ ሲቆጥር 38 አገኘ። ስምንቱ ጎማ ከእሳቸው ርክክብ በፊት ይጉደል በኋላ የሚያሳየው ወረቀት የእኔ ቆጠራ ነበር፤ የእኔ ቆጠራ ደግሞ 46 ይላል። ስለዚህ ዕዳው እሳቸው ላይ ወደቀ፤ ከደሞዛቸው በየወሩ ይቆረጥ ጀመር። አለቃዬ ጠርቶ «ቆጥረህ ነበር?» አለኝ። ያልኩትን ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ «ቆጠራው ላይ ስህተት ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል።» ማን ፈጠረው? ራሱ ተፈጠረ። ይህም ጥጃ ወጣ።

ሰባት ወር ዝም አልኩ። በእነዚያ ሰባት ወራት ቤተ ክርስቲያን አልቀረሁም፤ እጾማለሁ፣ እጸልያለሁ፣ «ይቅር በለኝ» እላለሁ። ምኑን ይቅር እንዲለኝ እንደምጠይቅ ግን አልጠራውም ነበር። ከዚህ ሁሉ ጽሑፌ ይህቺን ያዙልኝ፤ በጅምላ የሚነገር ንስሐ በጅምላ እንደ ቀረበ ሒሳብ ነው፤ ማንም ኦዲተር አይቀበለውም።

ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በማኅበር፣ በጉባኤ፣ በመዘምራን ገንዘብ ያዥ እንደምትሆኑ አውቃለሁ፤ ሒሳብ የተማረ ልጅ ይህ አይቀርለትም። «ለእግዚአብሔር ቤት ደረሰኝ ምን ያደርጋል? እንተማመናለን» የሚላችሁ አይጠፋም። ከባሰም ሁለተኛ ነገሥት 12 ቁጥር 15ን ይጠቅስላችኋል፤ በታማኝነት ስለ ሠሩ ገንዘቡን የተቀበሉትን ሰዎች አልተቆጣጠሯቸውም የሚለውን። ዘጠኝ ቁጥር ወደ ላይ ውጡና አንብቡለት። በንጉሡ በኢዮአስ 23ኛ ዓመት የቤቱ ፍራሽ ገና እንዳልተጠገነ ታወቀ። ካህኑ ዮዳሄ ሣጥን ወስዶ ክዳኑን ነደለና በመሠዊያው አጠገብ አኖረው፤ ሙዳየ ምጽዋት ማለት ነው። ገንዘቡ ሲበዛ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ አብረው መጥተው ይቆጥሩታል። ከሁለት የተለያየ ቤት የመጡ ሁለት ሰዎች! የተማመኑት ሣጥኑም ቆጣሪዎቹም ከተዘጋጁ በኋላ ነው። ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድኾች የተዋጣውን ሲያደርስ ወንድሞችን አብሮ ላከ፤ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም የሆነውን እናስባለን ብሎ። ስለዚህ በቴሌግራም ለታመመ ወንድም መዋጮ ስትሰበስቡ በአንድ ሰው የባንክ ሒሳብ አታድርጉት። በራሳችሁ ስም ከሆነማ ጭራሽ።

አሮንን እዚያ እሳት ዳር ትቼው ብሄድ ግን በደልኩት። ዘዳግም 9 ላይ እግዚአብሔር ሊያጠፋው እንደ ተቆጣና ሙሴ ስለ እሱም እንደ ጸለየ ተጽፏል። ቆይቶ ዘሌዋውያን 9 ላይ አሮን ክህነቱን ሲጀምር የመጀመሪያው ትእዛዝ ለራሱ የኃጢአት መሥዋዕት እንዲያመጣ ነው። ምን ያምጣ? እምቦሳ። በዕብራይስጡ ለወርቁ ጥጃ የተነገረው ቃልና ይህ ቃል አንድ ነው። እኔ እንደማስበው አሮን ያንን እምቦሳ በገመድ ይዞ፣ ሕዝቡ ሁሉ እያየው፣ ከሠፈሩ እስከ መሠዊያው የሄደባት መንገድ አርባ ዓመት ከሄደው ሁሉ ረዝማበታለች። በማስተስረያ ቀንም ሁለት እጁን በፍየሉ ራስ ላይ ጭኖ የእስራኤልን በደል ሁሉ እንዲናዘዝ የታዘዘው እሱው ነው፤ «ወጣ» ያለው ሰው።

እኛ ክርስቲያኖች ደግሞ ለራሱ እምቦሳ የማያስፈልገው ሊቀ ካህናት አለን። ዕብራውያን ላይ ይህን ሳነብ የምደነግጠው፣ እኔ የራሴን ስምንት ጎማ በሌላ ሰው ደሞዝ ላይ ስጭን እሱ ያላጎደለውን ሁሉ በራሱ ስም መፈረሙ ነው።

በስምንተኛው ወር ለአለቃዬ «አልቆጠርኩም» አልኩት። አንዲት ቃል ናት፤ ለመናገር ግን ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። የአንድ ወር ደሞዜ ተቀጣ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ማኅደሬ ውስጥ ገባ። የሰውየው ገንዘብ ተጣርቶ እስኪመለስ ግን ሁለት ዓመት ፈጀ፤ መናገር ወዲያው ሁሉን ያስተካክላል ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም።

ይቅርታ ልጠይቃቸው ያ መጋዘን ድረስ ሄድኩ። ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ያዙኝ። ብዙ አዘጋጅቼ ነበር፤ «ጋሼ፣ እኔ ነኝ፤ ሳልቆጥር ነው የፈረምኩት» ከማለት በቀር አልወጣልኝም። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና ከኪሳቸው ቁልፍ አውጥተው ሰጡኝ።

«ጎማዎቹ እዚያው ናቸው፤ ግባና ቁጠር» አሉኝ።

ገባሁ። እሳቸው ከኋላዬ ባትሪ እያበሩልኝ፣ አንድ በአንድ እያወረድኩ ቆጠርኩ። 38 ነበሩ።