የአኪሊስ ቁጣ ለምን ሰው አይመስልም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ፊላዴልፊያ ነው። ልጄን ይዤ የከተማው የጥበብ ሙዚየም ስሄድ ስለ ትሮይ ጦርነት የተሣሉ አሥር ግዙፍ ሸራዎች አየን። ፈረስ የለ፣ ጦረኛ የለ፤ የተሞነጫጨረ እርሳስና ቀይ ቀለም ነው። «የአኪሊስ በቀል» የተባለው ደግሞ አንድ ሾጣጣ ነገር ብቻ። ልጄ «ይሄንንማ እኔም እችላለሁ» ስትለኝ መልስ አጣሁ። እውነት ይህ ሥዕል ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አዎ ሥዕል ነው። እንዲያውም ለእኔ፣ ስለ ትሮይ ጦርነት ከሚተርከው የጥንት ግሪክ ግጥም ስለ ኢሊያድ ከተሣሉት ሁሉ ለግጥሙ የሚቀርበው እሱ ነው። አሜሪካዊው ሠዓሊ ሳይ ቱምብሊ ጣሊያን ተቀምጦ የሠራው ሲሆን የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው።

ዝነኛውን የትሮይ የእንጨት ፈረስ ኢሊያድ ውስጥም አያገኙትም፤ ግጥሙ በትሮዩ ልዑል በሄክቶር ቀብር ያበቃል። ገጣሚው ሆሜር ገና ሲጀምር የሚያነሳው የግሪኩን ጦረኛ የአኪሊስን ቁጣ ነው። ወዳጁ ፓትሮክለስ በሄክቶር እጅ ሲወድቅ ያ ቁጣ ገደቡን ይጥሳል፤ አኪሊስ ሄክቶርን ገድሎ ሬሳውን ከሠረገላው አስሮ ይጎትታል። ተማሪዎቼን «ቁጣን ሣሉ» ስላቸው የተቋጠረ ግንባርና የተነከሰ ጥርስ ይዘውልኝ ይመጣሉ። ያ የተቆጣ ሰው ነው። ቱምብሊ ግን ሰውየውን አውጥቶ ቁጣውን ብቻ አስቀረ።

እንደገና ሲሄዱ «በቀል» ፊት ቆም ይበሉ። ቁመቱ 3 ሜትር ያህል ስለሆነ ቀና ብለው ነው የሚያዩት። ከታች ሰፍቶ ይነሳና እየጠበበ ይወጣል፤ የአኪሊስ ስም የሚጀምርበትን የላቲን «ኤ» ይመስላል። ቀዩ የተጠራቀመው ጫፉ ላይ ነው፤ ደም የነካ ጦር ማለት ነው። ጠጋ ሲሉ እጁ በምን ኃይል እንደተመላለሰ መስመሮቹ ራሳቸው ያሳያሉ። ይህ እጅ ደግሞ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ ቱምብሊ በወጣትነቱ ወታደር ሳለ፣ እጁ የለመደውን እንዲረሳ ሌሊት በጨለማ ይሥል ነበር።

ከዚያ ወደ ሌሎቹ ይዙሩ። የግሪኮቹ ሸራዎች በቀይ ይነዳሉ፣ የትሮያውያኑ ቀዝቀዝ ያሉ ናቸው። በአንዱ ላይ አኪሊስ፣ ፓትሮክለስና ሄክቶር ሦስት ደመና ሆነዋል። ገዳይና ሟች ጎን ለጎን! እኔን ከሁሉም በላይ የሚነካኝ ይህ ነው።

ልጅዎ «እችላለሁ» ማለቷን ይውደዱላት። ሽማግሌው የትሮይ ንጉሥ ፕሪያም የልጁን የሄክቶርን ሬሳ ሊለምን በሌሊት ወደ አኪሊስ ድንኳን ሄዶ፣ ልጁን የገደለውን እጅ እንደሳመ ይንገሯትና ሰው ሳትሥል ትሣለው። የግሪኮች ዋና አምላክ ዜውስ ከሌሎቹ አማልክት ጋር ለግብዣ ወደ ኢትዮጵያውያን እንደሄደ በኢሊያድ የመጀመሪያ ክፍል እንዳለም አይደብቋት፤ ደስ ይላታል። ስትመለሱ ታዲያ ከመግቢያው ጀምሩ፤ የአኪሊስ ጋሻ ለብቻው የተሰቀለው እዚያ ነው።